የሮጡበትን እግር በማግስቱ ጠዋት ይጠይቁት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሩጫ ጥያቄ ይበዛል። በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «ትንሽ ያመኛል፤ ልሩጥ ወይስ ልተው?» የሚሉ ናቸው። መልሱ እንደ ህመሙ ቦታና ዓይነት ይለያያል፤ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ መለኪያ ግን አለ። ህመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጡት። ሲሮጡ ከ3 ካልበለጠ፣ እየሮጡ በሄዱ ቁጥር ካልጨመረ፣ አረማመድዎን ካላስቀየረዎና በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ወርደው የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ሲራመዱ ካለፈው ጠዋት ካልባሰ፣ የትናንቱ ሩጫ ለእግርዎ ልክ ነበር ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከጎደለ በዝቷል። ሰውነት ሲሞቅ ህመም ይደበቃል፤ እውነቱን የሚናገረው እግሩ የቀዘቀዘበት የማግስቱ ጠዋት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች ሁሉ ሲያነቡ ይህን መለኪያ ይያዙ።

«ቅልጥሜን ከውስጥ በኩል ያመኛል፤ ህዳር ላይ መሮጥ እችላለሁ?»

የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ገርጂ ነው የምኖረው። ከግንቦት ጀምሮ በሳምንት አምስት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ አስፋልት ዳር 40 ደቂቃ እሮጣለሁ። ከዚያ በፊት ሮጬ አላውቅም። ጫማዬ ሰልባጅ ነው፤ ግን አዲስ ይመስላል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሁለቱንም ቅልጥሞቼን ከውስጥ በኩል ያመኛል። ስጀምር ያመኛል፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይተወኛል፣ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ፍልሰታን ስጾም የባሰብኝ መሰለኝ። ለታላቁ ሩጫ ተመዝግቤያለሁ፤ ሦስት ወር ያህል ይቀረኛል። — ከገርጂ

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ይለዩልን። ቁጭ ይበሉና አንዱን እግርዎን በሌላው ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። በአውራ ጣትዎ የቅልጥም አጥንቱን ውስጠኛ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚቱ ጀምረው በየሁለት ጣት ስፋት እየተጫኑ ወደ ላይ ይውጡ። የሚያመው ቦታ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ረዘም ብሎ በጠርዙ ላይ የተዘረጋ ከሆነ፣ ሯጮች «ሺን ስፕሊንት» የሚሉት ነው። ጡንቻው የሚያያዝበት የአጥንቱ ጠርዝ ከመጠን በላይ ተጎትቶ ተቆጥቷል ማለት ነው። ህመሙ ግን በጣት ጫፍ በሚሸፈን አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በአንድ እግር ሲዘሉ ያንኑ ነጥብ ቢወጋዎ ወይም ተኝተው ሌሊት ቢያምዎ፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ዛሬውኑ አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል ይወቁ። ራጁ ንጹህ ነው ተብሎ ህመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ሌላም የምንጠይቅዎ አለ። ሩጫ ከጀመሩ ወዲህ የወር አበባዎ ዘግይቷል ወይስ ቀርቷል? ከቀረ ለሐኪም ሳይናገሩ እንዳያልፉት። ሰውነት የሚበላው ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ ከሚቆጥብባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ አጥንትም አብሮ ይሳሳል። በፍልሰታ የባሰብዎ ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጾም ሩጫን አይከለክልም፤ ችግሩ እስከ 9 ሰዓት ውሃም ምግብም ሳይቀምሱ እየቆዩ ጠዋት የተለመደውን 40 ደቂቃ መሮጥ ነው። የሮጠ ጡንቻ የሚጠገንበትን ምግብ ከስምንት ሰዓት በላይ እየጠበቀ ይውላል። በጾም ቀን ሩጫውን ጾሙን ከመፍታትዎ በፊት ወዳሉት የመጨረሻ 60 ደቂቃዎች ያዛውሩት፤ እንደጨረሱ ውሃ ይጠጡ፣ ሽሮውን ወይም ምስሩን በእንጀራ በደንብ ይብሉ፣ ማታም ሳይደግሙ አይደሩ። ጠዋት ካልሆነ አይመቸኝም ካሉ ከ25 ደቂቃ አያስበልጡት፤ እሱም እያወሩ በሚሮጥ ፍጥነት ይሁን።

ህመሙ ለምን መጣ? ሳንባና ልብ በጥቂት ሳምንታት ይላመዳሉ። አጥንት ግን ቀርፋፋ ነው፤ አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያፈርሳል፣ ቀጥሎ ነው አጠንክሮ የሚሠራው። በመሃል ያሉት ሳምንታት ደካማ ጊዜ ናቸው። እርስዎ ከባዶ ተነስተው በሳምንት አምስት ቀን ስለሮጡ መልሶ የሚሠራበት ቀን አላገኘም። የአስፋልቱ ዳር ወደ ቦዩ ያጋደለ መሆኑም ጫና ይጨምራል፤ ይሁንና ሁለቱም እግርዎ እኩል ማመሙ ዋናው ምክንያት ማጋደሉ እንዳልሆነ ይነግረናል። እሱ ቢሆን ኖሮ አንደኛው ይብስ ነበር።

አሁን ጫማዎን ጠረጴዛ ላይ ያቁሙትና ዓይንዎን ከጠረጴዛው ጋር እኩል አድርገው ከኋላ ይዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ወገን ዘምሟል? ከጎን ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣት ጫን ያድርጉት፤ ደህና ስፖንጅ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ የሞተው እንጨት ይሆናል ወይም ደቃቅ ሽብሽብ ያሳያል። ሰልባጅ ጫማ ላዩ ታጥቦ አዲስ ሊመስል ይችላል፤ ስፖንጁ ግን ሮጠውበትም ሆነ መጋዘን ተቀምጦ ካረጀ አይታጠብም። ሰልባጅ አይግዙ አንልም፤ ይህን ሁለት ፈተና ሳያደርጉ ግን አይግዙ።

የሥራ ዕቅድዎ እንዲህ ይሁን። ደህና እግር ይዘው 30 ደቂቃ ፈጠን ብለው ምንም ሳያምዎ መራመድ እስኪችሉ ድረስ አይሩጡ፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ አንድ ቀን እየዘለሉ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ 8 ጊዜ። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት ሠርተው ሦስቱም ማግስት ጠዋቶች ደህና ከሆኑ 2 ደቂቃ ሮጦ 1 ደቂቃ መራመድ፣ 8 ጊዜ። ቀጥሎ 4 ደቂቃ ሮጦ 1 መራመድ፣ 5 ጊዜ። ከዚያ 25 ደቂቃ ሳይቆሙ። አንዱ እርከን ላይ ጠዋቱ መጥፎ ከሆነ ወደ ታችኛው ይመለሱ እንጂ ከዜሮ አይጀምሩ። ከተቻለ እነዚህን ሳምንታት ጃን ሜዳ ወይም ሌላ ሜዳማ አፈር ላይ ይሩጧቸው። እንጦጦን ለጊዜው ይተዉት፤ አፈሩ ለስላሳ ቢሆንም ቁልቁለቱ ቅልጥምን ይደበድባል።

በማይሮጡበት ቀን ባትዎን ያጠንክሩ። ግድግዳ ይዘው በሁለት እግር ተረከዝ ማንሳት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎ። ከዚያ ያንኑ ጉልበትን ጎንበስ አድርገው ይድገሙት። ሁለተኛውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ሲሮጡ ጉልበትዎ ስለሚታጠፍ አጥንቱን የሚያግዘው ሥር ያለው የባት ጡንቻ የሚሠራው ግን በእሱ ነው። ሲቀልዎ ወደ አንድ እግር ይለፉ። በአንድ እግር ያለ እረፍት 25 ከደረሱ ባትዎ ለ10 ኪሎ ሜትር ደህና ተዘጋጅቷል።

እርምጃዎንም ይቁጠሩ። ሲሮጡ ቀኝ እግርዎ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ለምሳሌ 39 ከሆነ በደቂቃ 156 እርምጃ ነው። ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ ወደ 41፣ ማለትም ወደ 164 ያሳድጉት። እርምጃው ሲያጥር እግርዎ ከሰውነትዎ ፊት ርቆ አያርፍም፤ አጥንቱ የሚቀበለው ድንጋጤም ይቀንሳል።

ህዳርን በተመለከተ፦ ስንጥቅ ካልሆነና ዛሬ ከጀመሩ ሦስት ወር ይበቃል። ሩጫውን ለመጨረስ እንጂ ለሰዓት አይሩጡት። በመካከሉ ቢራመዱም ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው።

«ኮብልስቶን ላይ ወለም አለኝ፤ ወጌሻ ይሸው?»

የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ከአራት ቀን በፊት በጨለማ ስሮጥ ኮብልስቶን ላይ ግራ እግሬ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አብጦ ጠቁሯል። አነክሳለሁ እንጂ እራመዳለሁ። እናቴ ወጌሻ ካላሸው ረግቶ ይቀራል ትላለች። — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እናትዎ እግሩ ዝም ተብሎ እንዳይተው መፈለጋቸው ትክክል ነው። በአራተኛ ቀኑ ማሸት ግን ትክክል አይደለም። የተበጠሱት ደቃቅ የጅማት ክሮችና የደም ሥሮች ገና መያያዝ እየጀመሩ ነው፤ በኃይል ሲታሹ እንደገና ይደማሉ፣ እብጠቱም ይጨምራል። ከዚህ የሚከፋው በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። በዚህ ምክንያት ደም ተቋርጦ እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ። የትኛውም ማሰሪያ ጣቶችዎን ካቀዘቀዘ፣ ካደነዘዘ ወይም ካጠቆረ በዚያው ደቂቃ ይፈታ።

ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል መመዘኛ አለ። ወለም እንዳለዎም ሆነ አሁን እያነከሱም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻሉ ራጅ ይነሱ። መራመድ ከቻሉም አራት ቦታ ይጫኑ፦ የውጭኛውን የቁርጭምጭሚት እብጥ አጥንት የኋላ ጠርዝ ከጫፉ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፤ የውስጠኛውንም እንዲሁ፤ ከትንሿ ጣት ተነስቶ በእግር ጎን የሚሄደው አጥንት መሃል እግር ላይ ጎላ ብሎ የሚዳሰስበትን፤ በመጨረሻም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ ያለውን የእግር ጀርባ አጥንት። ከአራቱ አንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ ካመመዎ ራጅ ይነሱ። ህመሙ ከአጥንቱ ፊትና ሥር ባለው ለስላሳ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ወለምታ ነው። መጥቆሩ አያስደንግጥዎ፤ የፈሰሰው ደም ወደ ታች እየወረደ ጣቶችዎ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ወለምታ ከሆነ፣ በላስቲክ ፋሻ ከጣቶቹ ሥር ጀምረው ወደ ላይ ይጠቅልሉት፤ ሲተኙ ይፍቱት። ሲቀመጡ እግርዎን ከልብዎ ከፍ ያድርጉት። ህመሙን ለማስታገስ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው 15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ይንቀሳቀስ። ተቀምጠው በእግርዎ አውራ ጣት አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ፊደል ይጻፉ፤ ሀ ሁ ሂ እያሉ ሁሉንም ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ብቻ። በቀን ሦስት ጊዜ። ጨርሶ ያልተንቀሳቀሰ ቁርጭምጭሚት ነው ረግቶ የሚቀረው፤ የእናትዎ ስጋት መነሻውም ይኸው ይመስለናል።

ከሳምንት በኋላ ሚዛን ይጀምሩ። ጥርስዎን ሲቦርሹ በግራ እግርዎ ብቻ ይቁሙ። 30 ሰከንድ ሳይወላገዱ ሲቆሙ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩት፤ ያን ጊዜ ግድግዳ ይጠጉ። ይህ ጨዋታ አይምሰልዎ። ወለምታ የሚጎዳው ጅማቱን ብቻ አይደለም፤ እግሩ ድንጋይ ላይ ሲጋደል በቅጽበት የሚያስተካክለውንም ስሜት ያደነዝዛል። አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ወደ ሩጫ ከመመለስዎ በፊት ሦስት ነገር ይፈትኑ። ከግድግዳ ፊት ቆመው ተረከዝዎ ሳይነሳ ጉልበትዎ ግድግዳውን እንዲነካ ያድርጉ፤ የግራ አውራ ጣትዎ ከግድግዳው የሚርቅበት ርቀት ከቀኙ ጋር ሲተያይ ከአንድ ጣት ስፋት በላይ ማነስ የለበትም። በግራ እግር ብቻ 15 ጊዜ ተረከዝ ያንሱ። በዚያው እግር 10 ጊዜ ወደ ፊት ይዝለሉ። ሦስቱም ያለ ህመም ካለፉ ለገርጂዋ አንባቢ በሰጠነው የሮጦ-መራመድ እርከን ይጀምሩ። ቢያንስ ለሁለት ወር ኮብልስቶኑን በብርሃን እንጂ በጨለማ አይሩጡበት።

«ከመሮጤ በፊት ዳይክሎፌናክ ብወስድስ?»

ጉልበቴን ቀለል ያለ ህመም ስለሚሰማኝ ጠዋት አንድ ኪኒን ውጬ እሮጣለሁ። ጉዳት አለው? — ከሀዋሳ

መልስ፦ አለው፤ ይተዉት። ኪኒኑ ሲሮጡ ማቆም የሚገባዎትን ምልክት ያጠፋብዎታል። በባዶ ሆድ ደግሞ ጨጓራን ያቆስላል፤ በላብ ፈሳሽ ካጡ በኋላም ኩላሊትን ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ኪኒን ካልዋጡ መሮጥ ካቃተዎ ለዚያ ቀን ሩጫው ቀርቷል ማለት ነው።

ሌላ መድኃኒትም ለሯጮች ሁሉ እናስታውሳለን። ለሽንት ቧንቧ ወይም ለአንጀት ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን ጅማትን፣ በተለይ የተረከዝን ጅማት፣ የማቁሰል አልፎም የመበጠስ አደጋ አለው። ሐኪም ካዘዘልዎ «እሮጣለሁ» ብለው ይንገሩት፤ ከተረከዝዎ በላይ ህመም ከተሰማዎ ሩጫውን አቁመው ወዲያው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ግን ለሯጭም ላልሮጠም አይገባም።

«ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ ሚስማር የረገጠ ይመስላል»

የ48 ዓመት ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ እሠራለሁ። ከሥራ በፊት በሳምንት ሦስት ቀን 5 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ሦስት ወር ሆነኝ። — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ የመጀመሪያው እርምጃ የሚወጋ፣ ሲራመዱ የሚለቅ፣ ቆመው ሲውሉ የሚመለስ ከሆነ ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋው የውስጥ እግር ሸራ ነው የተጎዳው። ማታውን ሲተኙ እግርዎ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ሸራው አጥሮ ያድራል፤ የጠዋቱ እርምጃ በድንገት ይዘረጋዋል። ስለዚህ ሳይወርዱ አልጋው ላይ ተቀምጠው ጣቶችዎን ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡና 10 ሰከንድ ይያዙ፤ 10 ጊዜ። ከዚያ ጫማ አድርገው ይውረዱ። ቤት ውስጥም በባዶ እግር ወለል ላይ አይራመዱ።

ዋናው መድኃኒት ግን ማጠንከር ነው። ደረጃ ጫፍ ላይ ይቁሙ፤ ፎጣ ጠቅልለው ከጣቶችዎ ሥር ያድርጉ፣ ጣቶችዎ ወደ ላይ እንዲታጠፉ። በአንድ እግር በ3 ሰከንድ ይነሱ፣ 2 ሰከንድ ይቆዩ፣ በ3 ሰከንድ ይውረዱ። ካቃተዎ በሁለት እግር ይጀምሩ። 12 ጊዜ በ3 ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦርሳ ውስጥ መጻሕፍት ጨምረው ይሸከሙና 10 ጊዜ በ4 ዙር ይሥሩ፤ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይተው ቦርሳውን አክብደው 8 ጊዜ በ5 ዙር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍጥነቱ ላይ ነው፤ ቸኩሎ ወደ ላይ ወደ ታች ማለት ሸራውን አያጠነክረውም። ሲሠሩት ትንሽ ቢያምዎ አይፍሩ፤ የማግስቱን ጠዋት ብቻ ይመልከቱ።

ሩጫውን አያቁሙ፤ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ያውርዱት። ታጋሽ ይሁኑ፤ ይህ ጉዳት የሚለካው በወራት ነው። ተረከዝዎ የሚደነዝዝ ወይም የሚነዝር ከሆነ፣ አለዚያም ከሁለቱም ተረከዝ ጋር ጠዋት ጀርባዎ ተገትሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ ይንገሩ።

«የልጄ ጉልበት ሥር አጥንት ወጣ»

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ይሮጣል፣ ከሰዓት ኳስ ይጫወታል። ከሎሚው በታች አጥንት አብጦ ሲነካ ያመዋል። ዘንድሮ ቁመቱ በጣም ጨምሯል። — እናቱ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እናቱ፣ እንደገለጹት ከሆነ ብዙ የሚሮጡ ልጆች በፍጥነት በሚያድጉበት ዕድሜ የሚያገኛቸው ኦስጉድ-ሽላተር የተባለው ጉዳት ነው። የጭኑ ጡንቻ በሎሚው በኩል አልፎ የሚያያዝበት የአጥንት ጫፍ ገና ለጋ ነው፤ ሩጫውና ኳሱ ሲጎትተው ይቆጣል። ዕድገቱ ሲያበቃ ህመሙ ይተወዋል፤ እብጠቱ ግን ጠንክሮ ሊቀር ይችላል፣ ጉዳት የለውም። ከሁለቱ አንዱን፣ ጠዋቱን ወይም የከሰዓቱን፣ ለጥቂት ሳምንታት ያስተውት። ሁለቱንም ፈጽሞ መከልከል አያስፈልግም። ከተጫወተ በኋላ 15 ደቂቃ በረዶ ይያዝለት። ሲጸልይም ሆነ ሲጫወት በጉልበቱ አይንበርከክ።

የህመሙ ቦታ እንዳያሳስትዎ አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ። እያነከሰ ከሆነ በጀርባው ያስተኙትና ጉልበቱንና ዳሌውን አጥፈው እግሩን ወደ ውስጥ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ከሌላው እግሩ ጋር ያስተያዩት። አልዞር ካለ ወይም ብሽሽቱን ካመመው ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል። በልጆች የዳሌ ጉዳት ህመሙ ጉልበት ላይ ብቻ የሚሰማበት ጊዜ አለ። እንዲህ ከሆነ እግሩን ሳያስረግጡ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱትና የዳሌውን ራጅ እንዲያነሱለት ይጠይቁ።